የኔታ ከበር የተመለሱበት ቅዳሜ፦ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት
ለተከበሩ ርእሰ መምህር
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የተቋረጠው የቅዳሜ ተጓዳኝ ትምህርት (ግእዝ፣ ዜማ፣ በገናና ማሲንቆ፣ ሥዕል) እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን። እኛ ከሁለተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ልጆቻችንን እናንተ ጋ የምናስተምር ወላጆች ነን። ደብዳቤውን ሁሉም ሰው እንዲያየው ያደረግነው ሁለት ጊዜ በወረቀት ጽፈን መልስ ስላጣን ነው። የመጀመሪያውን ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታበታለች። ሁለተኛው “ቦርዱ ሲሰበሰብ ይታያል” ተብሎ ቀረ። ቦርዱ መቼ እንደሚሰበሰብ የነገረን የለም። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጻፍነውም። ልጆቻችን ነገም እዚያው ነው የሚውሉት፤ ስሙ አደባባይ ላይ ሲነሳ ቀድመው የሚሳቀቁት እነሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። አርብ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት ተለቀቀ። “ከነገ ጀምሮ የቅዳሜ ተጓዳኝ ትምህርት ቆሞ በማጠናከሪያ ትምህርት የተተካ መሆኑን እንገልጻለን” ይላል። አለቀ። ምክንያት የለውም፣ ፊርማም የለውም። ግሩፑ አድሚን ብቻ የሚጽፍበት ስለሆነ “ለምን?” ብሎ መጠየቅ እንኳ አይቻልም። አንዳንዶቻችን መልእክቱን ያየነው በማግስቱ ነው። ኔትወርኩ ማታ ማታ እንዴት እንደሚያደርገን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘለ አለ፤ የሥዕል ደብተር በብብቷ የያዘች አለች። የግእዝና የቅኔ መምህራቸው የኔታም መጡ። ከዓባይ ማዶ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ “ዛሬ የለም እኮ የኔታ፣ አልነገሩዎትም እንዴ?” አላቸው። አልነገሯቸውም። ቴሌግራም የሚገባበት ስልክ የላቸውም። ጥቁር ጃንጥላቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ልጆቹን ሰብስበው ያለፈውን ሳምንት ጠየቋቸው። እሳቸው “ቀደሰ?” ሲሉ ልጆቹ ይቀበላሉ፦ “ቀደሰ፣ አመሰገነ። ይቄድስ፣ ያመሰግናል። ይቀድስ፣ ያመሰግን ዘንድ። ይቀድስ፣ ያመስግን።” ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። “በሉ፣ እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ” ብለው ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ። እኔ ልጆቼን ላደርስ ሄጄ ይህን ቆሜ ያየሁ ነኝ። ደብዳቤውን እኔ እንድጽፈው ኮሚቴው የመረጠኝም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

መጀመሪያ የገባችሁልንን ቃል እናስታውሳችሁ። ልጆቻችንን ስናስመዘግብ የተሰጠን በቀለም የታተመ ወረቀት “ክላሲካል ክርስቲያናዊ ትምህርት” ይላል። ብዙዎቻችን ምን ማለት እንደሆነ አላወቅንም ነበር። በወላጆች ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩ አስረዱን። በውጭ አገር እንዲህ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ላቲን ያስተምራሉ። መንገዳቸው ሦስት ደረጃ አለው፤ ሰዋስው፣ አመክንዮ፣ ከዚያ ያወቁትን አሳምሮ መናገርና መጻፍ። ትንንሾቹ በቃል መያዝ ስለሚወዱ በዜማ ያጠናሉ፤ ከፍ ሲሉ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ የራሳቸውን ይደርሳሉ። “እኛ ግን ላቲን መዋስ አያስፈልገንም፣ ግእዝ አለን” ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አነጋገራቸው ልክ ነበር። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በግስ፣ ማለትም በግእዝ ግሶችና በትርጉማቸው ይጀምራል፤ እርባ ቅምሩንና አገባቡን (የግሱን አረባብና የቃላቱን አሰካክ) ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላት ጉባኤ ቃና የምትባል ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የትናንቱን መድገም አይቻልም፤ ዕለት ዕለት አዲስ ይዞ መምጣት ነው። መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ይህን መንገድ ከማንም ሳይዋሱ ሲያስኬዱት ኖረዋል፤ ሁለቱም ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ትምህርት ቤታችን ከዚህ ላይ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ቀንሶ ለልጆቻችን ሰጠ። ግእዝ፣ ዜማ፣ በገናና ማሲንቆ፣ ሥዕል። ብዙ ወላጅ ከቤቱ አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት ትቶ፣ ሁለት ባጃጅ እያሳፈረ ልጁን እናንተ ጋ ያመጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቅዳሜው ሲነሳ ክላሲካሉ የቱ ጋ ነው የቀረው? ከሰኞ እስከ አርብ የምታስተምሩት የክልሉን ሥርዓተ ትምህርት ነው። እሱ በየትኛውም ትምህርት ቤት አለ፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በነጻ አለ። በሩ ላይ ያለው ታፔላ ግን አሁንም “ክላሲካል” እንዳለ ነው።

ቀጥሎ ማጠናከሪያው ራሱ አለ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱን። ፈተና አንፈራም አላልንም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ሁኔታ መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ ስንት ቀን እንደባከነም እናውቃለን። የባከነው ይካካስ። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ቅዳሜ ይጠኑ። ማንም አልተቃወመም።

ግን ሦስተኛ ክፍል የምን ክልላዊ ፈተና አለው? አራተኛ ክፍልስ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ልወስዳት ቀደም ብዬ ደረስኩና በመስኮት አየሁ። ሁለት ሴክሽን አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቋል። ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡበት ዴስክ ላይ አንዷ የምትጽፈው ክርኗን አየር ላይ አድርጋ ነው። መምህሩ የወርክሺቱን መልስ ሰሌዳው ላይ ደርድረውታል፤ ልጆቹ እየገለበጡ ነው። አንድ ሐ፣ ሁለት ሀ፣ ሦስት መ። ማታ ደብተሯን አይቼ “ሰባተኛው ጥያቄ ምን ይላል?” አልኳት። “ጥያቄውን አልጻፍነውም፣ መልሱን ብቻ ነው” አለችኝ። እንዲያውም ገርሟታል፤ ጥያቄው ለምን እንዳስፈለገኝ አልገባትም። መምህሩን አልወቅስም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተምሩ ከርመው በስድስተኛው ቀን ያን ሁሉ ልጅ ብቻቸውን የተሰጣቸው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያድርጉ?

ከዚህ ጋር ደግሞ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጉዳይ አለ። አባቱ ወደ ዘጌ ሰው በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። ልጁ አማርኛ ሲያነብ ፊደል በፊደል እየለቀመ ነበር። ጓደኞቹ ስለሚስቁበት ተነስቶ ማንበብ ትቶ ነበር። የኔታ የግእዝ ንባብ አስያዙት። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያሉ፣ የቱ ቃል ላይ ድምፁ እንደሚነሳ፣ የቱ ላይ እንደሚወድቅ በጣታቸው አየር ላይ እያሳዩ። ቃሉን ሙሉውን ካላየ መነሳትና መውደቁን ማወቅ ስለማይችል፣ ሳያውቀው ቃል በቃል ማየት ለመደ። አሁን አማርኛውን ቀጥ አድርጎ ያነባል። የአማርኛ መምህርቱ ለአባቱ “ምን አድርጋችሁት ነው?” ብላ ጠይቃዋለች። አባትየው ይህን ኮሚቴው ፊት ሲናገር እጁን በእጁ እያሸ ነበር። ለእሱ ልጅ ከሁሉ የሚሻለው ማጠናከሪያ የቱ እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

በገናዎቹን እንዴት እንዳደረጋችኋቸውም እንጠይቃለን። ሦስቱንም የገዛናቸው በመዋጮ ነው። ደረሰኙ ኮሚቴው ጋ አለ። አሁን ከተሰበሩ ወንበሮችና ከቀለም ቆርቆሮ ጋር ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸዋል። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ የበግ አንጀት ነው። በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ጥዝዝ የሚል ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። በጣም ከተጠጋች ድምፁ ይታፈናል፤ ከራቀችም ጥዝታው ይጠፋል። ሰባተኛ ክፍል ያለው ልጄ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሌላ ነገር ሳይማር እንዝራ ሲያስተካክል ነው የዋለው። ትንሽ ይገፋታል፣ አውታሩን ይነካል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ እንደገና ይመልሳታል። ቤት ውስጥ ጫማውን ለማሰር ትዕግሥት የሌለው ልጅ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ አንደኛው አውታር ጮኸለት። ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ተቆለፈ። ዐቢይ ጾም ላይ ለወላጆች ሊያሰሙት የያዙት መዝሙርም በዚያው ቀረ። እርጥበትና አይጥ ላለበት ክፍል በገና የሚሰጥ ሰው ስለ በገና አያውቅም ማለት ነው። በቁጣ አይደለም የምንለው፤ ቁልፉን ስጡንና አውጥተን እናስቀምጠው።

የኔታንም በሚመለከት። ውል የላቸውም። የሚከፈላቸው በየቅዳሜው ታስቦ ነበር። ከበር እስከተመለሱበት ቀን ድረስ ያለው የአንድ ወር ሂሳብ እስካሁን አልተሰጣቸውም። ሄደን ስንጠይቃቸው ስለ ገንዘቡ ብዙም አላወሩም። “እሱስ ይደርሳል። ልጆቹ የያዙትን እንዳይጥሉት ማታ ማታ አስከልሱልኝ” አሉን። እኛ ደግሞ አናውቀውም፤ ምኑን እናስከልስ? አንዲት እናት በስልኳ ቀድታ የያዘችውን አሁን ሁላችንም ተቀባብለነዋል። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍን “ይቄድስ” የምንል እናቶች ሆነናል። እስቲ ይሁን።

አሁን የምንጽፈው ነጥብ እኛን ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው። በድሮው መንገድ ቅኔ ሊማር የፈለገ ልጅ ከቤቱ ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ይህ የወንድ ልጅ መንገድ ነበር። ሴት ልጁን እንዲህ የሚሰድ ወላጅ አልነበረም፤ አሁንም የለም። ጎጃም እነ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አፍርቷል። ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው አንድም እንደሳቸው ያሉት ጥቂት ስለሆኑ ነው። እናንተ ሳታስቡትም ይሁን አስባችሁበት፣ የቅዳሜው ክፍል ይህን በር ለሴቶቹ ከፈተው። ቁርሷን በልታ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቤቷ የምትመለስ የቅኔ ተማሪ። ቅኔ ከሚቆጥሩት ልጆች ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ።

ከመካከላቸው አንዷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና ይዛ ስትቀርብ የኔታ ሰምተው፣ “ቤቱን መትቷል። ሰሙም አለ። ወርቁ ግን ገና አልወጣም፣ ሂጂና ፈልጊው” አሏት። አልቅሳለች። እናቷ እንደነገረችን ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ ሳይቀር ስታጉተመትም ከረመች። ሐሙስ ማታ ከአልጋዋ ተነስታ መብራት አብርታ ጻፈች። ቅዳሜ ልታሰማ መጣች። ያ ቅዳሜ፣ የኔታ ከበር የተመለሱበት ቅዳሜ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ግስ ሲያስቀጽሉ እሷም ከቆሙት መካከል ነበረች፤ ወረቀቱን ግን ከኪሷ አላወጣችም። ለምን አላሰማሽም ስትባል “መንገድ ላይ?” አለች። ወንዶቹስ ቁርጥ ካለባቸው ከሠርክ ጸሎት በኋላ በየደብሩ ጉባኤ ቤት ይፈልጋሉ። ለእሷ ያለው በር የእናንተ ብቻ ነበር።

ስለ ሥዕሉ ባጭሩ እንበል። አምና ልጆቹ በጀልባ ዘጌ ተወስደው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ጎብኝተው ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግድግዳውን ሲያይ ቆይቶ “ይሄኛው ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?” ብሎ ጠየቀ። መምህሩ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሥዕል ባዩ ቁጥር ዓይን ይቆጥራሉ። የእኔዋ በጎን የተነሳ የአጎቷን የሰርግ ፎቶ አይታ “አጎቴ ምን አጥፍቶ ነው?” ብላናለች። የዘንድሮውም ጉዞ ተሰርዟል፤ የጀልባው ገንዘብ ግን ተሰብስቧል። እነዚህን ገዳማት ለማየት ሰው ባሕር አቋርጦ ይመጣል። የእኛ ልጆች ከጣና ዳር በእግር ሩብ ሰዓት ርቀት ላይ ተቀምጠው መልስ ይገለብጣሉ።

“ወላጆች ራሳቸው ናቸው ቅዳሜው ይቅር ያሉት” የሚል ወሬ ሰምተናል። ያሉ ይኖራሉ። ልጁ ሒሳብ ላይ የደከመበት ወላጅ ከበገና በፊት ሒሳብ ቢል አይፈረድበትም። ግን የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ለዚህ ጉዳይ አልተጠራም። ቢጠራ ኖሮ እነሱም እኛም ፊት ለፊት ተነጋግረን አንድ መላ አናጣም ነበር። ክፍያው ደግሞ አልተቀነሰም። በደረሰኙ ላይ “ተጓዳኝ ትምህርት” ይል የነበረው አሁን “ማጠናከሪያ” ሆኗል፤ ብሩ ያው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው።

ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል እንዲሁም ሰባተኛ ክፍል ያሉት ልጆች የቅዳሜ ተጓዳኝ ትምህርታቸው ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ እንዲመለስ። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍሎች እስከ አራት ሰዓት ተኩል ማጠናከሪያ ይውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀል። ማጠናከሪያው ሲሰጥም ሁለት ሴክሽን አንድ ላይ እንዳይታጨቅ፤ ልጆቹ ጥያቄውንም ይጻፉ።

የየኔታ ያልተከፈለ ሂሳብ በዚህ ሳምንት እንዲከፈል። ሲመለሱም በጽሑፍ ውል እንዲመለሱ፣ ከቦርዱ አንድ ሰው ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንዲጠራቸው። በቴሌግራም የተሰናበተ ሰው በቴሌግራም አይጠራም፤ ለነገሩ እሳቸው ቴሌግራም የላቸውም።

በገናዎቹ ከግምጃ ቤቱ ወጥተው ደረቅ ክፍል እንዲቀመጡ። ክፍል ከጠፋ ከወላጆች አንዱ ቤቱ ሊያስቀምጣቸው ፈቃደኛ ነው።

ለዘጌው ጉዞ የተሰበሰበው ገንዘብ ወይ ለጉዞው ይዋል፣ ወይ ለየወላጁ ይመለስ።

ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲታሰብ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ኅብረቱ ተጠርቶ እንዲመከርበት።

ለመነጋገር እኛ ዝግጁ ነን። ቀኑን እናንተ ምረጡ። ከሥራ ሰዓት ውጪ ቢሆን ግን ደስ ይለናል፤ አብዛኞቻችን ፈቃድ ማውጣት አንችልም። ለዚህ ደብዳቤ እስከ ሚቀጥለው አርብ መልስ እንጠብቃለን፤ በወረቀት ላይ ቢሆን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር

የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የአራተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች እናት
በኮሚቴው ስም
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት
ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለየኔታ (በእጅ የሚሰጥ)